በየአሥር ሜትሩ ደረጃ

አሰግድ አዲስ ቦይ መንደፍ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዘጋቢ ፊልም ያያል። ሁልጊዜም ያንኑ።

ፊልሙ ከስድስት ዓመት በፊት በሌላ ወረዳ ስለሠራው የመስኖ ቦይ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አሰግድ ግን አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ያቆመዋል። እዚያ ላይ አዲስ ባርኔጣ ያደረገ ወጣት መሐንዲስ ከቦዩ ዳር ቆሞ፣ «ከእንግዲህ ውሃው በእኛ ቁጥጥር ሥር ነው» ይላል። ወጣቱ ራሱ አሰግድ ነው።

ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳቆመ ወረቀት ይስባል። ያኔ እጁ ይፈታል።

ወደ ሸዋሮቢት ተዛውሮ ከመጣ ዓመት ሆኖታል። ቢሮው ውስጥ በዚህ ልማዱ ይስቁበታል።

«ራሱን ሳያይ እርሳስ አያነሳም» ትላለች ንድፍ የምታግዘው ሮማን። የፊልሙ አዘጋጆች ያንን ክፍል ሊቆርጡት ሲሉ ለምኖ እንዳስቀረውም ሰምታለች።

ንድፉ ግን ያምራል። በየአሥር ሜትሩ ወደ ውሃው የሚወርድ ደረጃ አለው፤ ከደረጃው አጠገብ ዝቅ ብሎ የተተከለ መያዣ ብረት አለው። ሮማን ሐሳቡን ከየት እንዳገኘው አንድ ቀን ጠየቀችው።

«ከፊልሙ» አላት።

ሮማን ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይታዋለች። በዚያ ቦይ ላይ አንድም ደረጃ የለም።

አሁን የሚነድፈው የጀውሃ ቦይ ሥራው የቆመው በዚሁ ደረጃ ምክንያት ነው። ከበላይ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ ደረጃው ወጪ አብዝቷልና እስከ ሐሙስ ከንድፉ ካልወጣ ሥራው ለሌላ ወረዳ ይሰጣል።

ረቡዕ ጠዋት የገበሬዎቹ ተወካይ ጋሼ ሳልህ ከጀውሃ መጡ። ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ኢንጂነር፣ ማሾዬ በቁሙ ደረቀ። እኛ የለመንህ ውሃ ነው። ደረጃው ምን ሊያደርግልን ነው? ሙሽራ ልናወርድበት?»

ሮማን ሳቋን ዋጠች።

«ያለ ደረጃ አልፈርምም፣ ጋሼ ሳልህ።»

«ወላሂ፣ ሁለተኛ ፊልም አምሮህ ነው! አንተ እንድታምር እኛ እንራብ?»

ስለ ፊልሙ ማን እንደነገራቸው ሮማን ታውቃለች። አንገቷን ደፋች።

አሰግድ ኮምፒውተሩን ወደ ሽማግሌው አዞረና ፊልሙን ከፈተ። እንደ ልማዱ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ አቆመው። ባርኔጣውና ፈገግታው ስክሪኑን ሞሉት።

«አየሁህ» አሉ ጋሼ ሳልህ። «ታምራለህ። በል አሁን ፈርምልን።»

«እኔን ይተዉ። ከኋላዬ፣ ቦዩ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ያለችውን ይዩ። ቢጫ ቀሚስ የለበሰችውን።»

ጋሼ ሳልህ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ልጄ ናት» አለ አሰግድ። «ተናግሬ ጨርሼ ስዞር አልነበረችም።»