የማይለቀው ቀለም

የብረት ቀለም ፈጽሞ እንዳይለቅ ተደርጎ መሠራት ከጀመረ ወዲህ፣ ሰው በሩን የሚያስቀባው አስር ጊዜ አስቦ ነው። በላቸው ግን ያኔ ጎረምሳ ነበርና በብረት በሩ ላይ በትልልቁ «የስንዱ ቤት» ብሎ ጻፈ። ስንዱ ሌላ አገባች፤ እሱም አረጋሽን አገባ።

አረጋሽ ጽሑፉን በአሸዋ ወረቀት ፈገፈገችው፣ በእሳትም ለበለበችው። ብረቱ ሳሳ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም፤ ሌላ ቀለም ቢደረብበትም አልያዘም። በላቸው «ደህና በር ለምን ይጣላል?» እያለ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ጎረቤቱ ሁሉ አረጋሽን «እትዬ ስንዱ» ማለት ለመደ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ሽበታም ሴት በሩን አንኳኳች።

«ስንዱ እባላለሁ» አለች አፍራ። «ስሜን እንድታጠፉልኝ ልለምን ነው የመጣሁት። ባለቤቴ በዚህ ባለፍን ቁጥር ሳምንት ያኮርፈኛል።»

«አይጠፋም፤ ግን ይነቀላል» አለች አረጋሽ።

ሁለቱ ተጋግዘው በሩን ከማጠፊያው አወጡት። ስንዱም ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙራ የዶሮ ቤት ጣሪያ ልታደርገው በጋሪ አስጭና ሄደች።

በላቸው ሲመለስ ደጁ ወለል ብሏል።

«በሩስ?»

«ስንዱ መጥታ ወሰደችው።»

«እንዴት ሆናለች?» ሲል ጠየቀ በላቸው።

አረጋሽ ወንበር አውጥታ ሰጠችው። አዲስ በር እስኪሠራ ደጁን የሚጠብቀው እሱ ነው።