ባለ ኩምቢው ዓሣ የሸሻት ሴት

ኩሬው እስከ ጉልበታችን ወርዷል፤ ዓሣ ግን የለም። ከጠዋት ጀምረን ውሃውን ጥቅጥቅ ብሎ በተሠራ ቅርጫት ከግድቡ ማዶ ስንደፋ ወገባችን ተቆርጧል፤ የያዝነው ጣት የማያክል ርጋፊ ብቻ ነው። ባለ ኩምቢዎቹ ጭቃው ውስጥ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ግድቡ ደግሞ የጭቃ ነው፤ ሳይመሽ ካልያዝናቸው ይናድና የቱምባ ሐይቅ መልሶ ይወስዳቸዋል። የዝናቡን ወራት ልጆቹ ካሳቫ ለብቻው ሊያላምጡ ነው።

"ብረት ያላወለቀች አለች?" ትላለች የባሌ እህት ኢያሊ።

የለችም። አምባራችን ሁሉ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የዚህ ዓሣ ዓይን ለስሙ ነው። ጅራቱ ውስጥ እንደ ባትሪ ድንጋይ ያለች መብረቅ አለችው፤ ድፍርስ ውሃ ውስጥ በእሷ እየዳበሰ ይሄዳል። ብረት ሲገባ ያውቃል፣ ሰው ሲገባ ያውቃል። ቂም የቋጠረ ሰው ከገባማ ጭራሽ ድርሽ አይልም።

"እንግዲያው የሆድ ነገር ነው" ትላለች ኢያሊ። "አውጡት።"

ልማዳችን ነው። አንዷ ምራቷ የተዋሰችውን ድስት ሳታጥብ እንደመለሰችላት ትናገራለች። ሌላዋ ጎረቤቷ ዶሮዋን በድንጋይ እንደፈነከተችባት ታወጣለች። ይሳሳቃሉ፣ ውሃ ይረጫጫሉ። ከዚያ ወደ እኔ ያያሉ። ይህ ኩሬ የእናቴ ነበር፣ ዛሬ የእኔ ነው፤ ለምን ነው እኔን የሚያዩኝ?

ከፊቴ ጣውንቴ ምቦዮ ጎንበስ ብላ ቆማለች። በባላችን አልቀናም፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያንኮራፋ ሽማግሌ ነው፣ ወስዳው ገላግላኛለች። የሚያቃጥለኝ እጇ ነው። ባለፈው በጋ ዓሣውን ከእግሬ ሥር እየለቀመች ቅርጫቷን ሞላች። እሷ ገና ሳትወለድ በዚህ ኩሬ የሚመረቀው የእኔ እጅ ነበር።

"ቅርጫቴን ሳታስፈቅደኝ ወስዳለች" እላለሁ።

ምቦዮ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ትለኛለች። እንጠብቃለን። ጭቃው ጭጭ እንዳለ ነው።

"ቦሉምቡ" ትለኛለች ኢያሊ፣ "በቅርጫት ነገር ዓሣ አይሸሽም። አንቺ ስትኮሪ ልጆቻችን ጦማቸውን ይደሩ?"

ልሰድባት አፌን እከፍታለሁ። የሚወጣው ሌላ ነው።

"ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ዓሣ ልያዝ ቅጠል ልያዝ አላውቅም። ይቺ ግን ታውቃለች። ዓሣ ባነሳች ቁጥር እጇ በተቆረጠ እላለሁ። ይኸው፣ ሰማችሁ።"

ማንም አይስቅም። ምቦዮ ቀና ትላለች።

"እኔም አለኝ፣ እትዬ" ትለኛለች። "ባላችን ወጤን በቀመሰ ቁጥር 'ምን አለ እንደ ቦሉምቡ ብትሠሪ' ይለኛል። አንድ ቀን ድስቱን ባናቱ ላይ ባልደፋው ሴት አይደለሁም።"

ቀድማ የምትስቀው የገዛ እህቱ ኢያሊ ናት። ሳቁ ካንዷ ወዳንዷ ሲሄድ የእኔም ከንፈር ሳልፈቅድለት ይፈታል።

ያኔ በእኔና በምቦዮ መካከል ጭቃው ይንቀሳቀሳል። ሁለታችንም አይተናል። ለብቻዋ መያዝ ትችላለች። እሷ ግን አንጓዬን ይዛ እጄን ጭቃው ውስጥ ትነክረዋለች፤ በላዩ የራሷን ደርባ ወደ ታች ትገፋለች። መዳፌ ምንም አይነግረኝም። ፊቷን አያለሁ፤ ቅንድቧ ብድግ ይላል።

"ጨብጪ፣ እትዬ" ትላለች በሹክሹክታ።

እጨብጣለሁ። ዓሣው ኩምቢውን እያወዛወዘ ከጭቃው ይወጣል። ሴቶቹ ስሜን እየጠሩ እልል ይላሉ። እኔ የማየው የእሷን ጣቶች ነው፤ ቀጫጭን፣ ጭቃ የለበሱ፣ በእኔ ጣቶች ላይ የተደረቡ፣ ዓሣው ገና ሳይፈራገጥ ቀድመው ጥብቅ የሚሉ።