የጋሽ ኖራ መስመር

«ልጅቷን ዛሬ አትሸኛት።»

አሰልጣኙ ከወረቀቱ ቀና አለ።

በሩ ላይ የቆሙት የሩጫ ሜዳው ጠባቂ ናቸው... ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ኖራ» የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመሮጫውን መስመር በኖራ ያሰመሩ ሽማግሌ።

«ዘመድዎ ናት እንዴ፣ ጋሽ ኖራ?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ?»

«ሜትር ያዝና ተከተለኝ።»

አሰልጣኙ ሳቀ። «ቅዳሜ ስንት እንግዳ አለብኝ... እርስዎ ሜትር ይሉኛል።»

እውነቱን ነው። ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው ትልቅ ቀን ነው።

ከዚህ ግቢ ወጥተው በኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያጠለቁ ሰባት ሯጮች አሉ። ፎቷቸው ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል። ታሪካቸው መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል።

«ምስጢሩ ምንድነው?» ይላል የመጣው ጋዜጠኛ ሁሉ።

አንዱ አየሩ ነው ይላል። ሌላው ምግቡ ነው ይላል።

አሰልጣኙ ደግሞ ፈገግ ብሎ ዝም ይላል... እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

ጋሽ ኖራም ቅዳሜ መድረክ ላይ የምስጋና ወረቀት ሊቀበሉ ነው። ልጃቸው ለዚያ ቀን ብላ አዲስ ኮት ገዝታላቸዋለች።

ልጅቷ ግን ሻንጣዋን ዘግታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

የስምንት መቶ ሜትር ሯጭ ናት። በትናንቱ ምርጫ፣ አንድ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ዘገየች።

ከቡድኑ የወጣ ነፃ የትምህርት ዕድሉም ይቀርበታል። አውቶቡሷ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ትናንት ለጋሽ ኖራ እንዲህ ብላቸው ነበር...

«አባባ፣ ሌላ ሜዳ ላይ ሰዓቱን አሟላለሁ እኮ። እዚህ ስሮጥ ነው የሚረዝምብኝ።»

የተሸነፈ ሰው ሰበብ አያጣም ብለው አለፉት።

ቃሏ ግን እንደ እሾህ ተሰክቶባቸው ቀረ። ጠዋት መለኪያ ገመድ ይዘው ሜዳ ወረዱ። ከሜዳው በቀጥታ ወደ አሰልጣኙ ቢሮ መጡ።

አሰልጣኙ ሽማግሌ እምቢ ማለት ከበደውና ሜትሩን ይዞ ተከተላቸው።

መስመሩን ይዘው አንድ ዙር ለኩ።

«አራት መቶ ሦስት» አለ አሰልጣኙ። «ተሳስተናል። አራት መቶ ነው መሆን ያለበት።»

ደግመው ለኩ።

አራት መቶ ሦስት።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ።»

ነገሩ እንዲህ ነው...

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንደኛው መታጠፊያ ላይ የውሃ መውረጃው ቦይ ተሰበረ። ጋሽ ኖራ ልጆቹ እግራቸውን እንዳይሰብሩ ብለው መስመሩን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ገፉት።

ለጊዜው ብለው ነው።

ቦዩ ተጠገነ... መስመሩ እዚያው ቀረ።

ውድድር አይደረግበት፣ ልምምድና ምርጫ ብቻ። «ሲሠራ ተለክቷል» ተብሎ ማንም ዳግም አልለካውም።

ጋሽ ኖራም አልገባቸውም። የሚያውቁት አንድ ነገር ነው... ድሮ ለአንድ ዙር የሚበቃው የኖራ ከረጢት፣ አሁን ሦስት እርምጃ ሲቀር ያልቃል።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ይሰርቀኛል ብለው ሃያ ሁለት ዓመት አኩርፈውታል።

አሰልጣኙ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ አሰበ። ሁለት ዙር... ስድስት ሜትር... አንድ ሰከንድ ገደማ።

«ልጅቷ አልፋለች» አለ።

ትንሽ ቆየና ፊቱ ፈካ።

«ለካ ምስጢሩ እርስዎ ነዎት። ከሰባቱ አምስቱ የሠለጠኑት በዚህ መስመር ነው። እዚህ ትርፍ መሮጥ የለመደ፣ ሌላው ሜዳ ቢያጥርበት ምን ይገርማል? ቅዳሜ መድረክ ላይ እናገረዋለሁ።»

ጋሽ ኖራ አልሳቁም።

«የሸኘሃቸውስ?»

«የትኞቹን?»

«እንደሷ ለጥቂት የቀሩትን።»

አሰልጣኙ የሚሰማ ሰው እንዳለ ዙሪያውን አየ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሽ ኖራ... ይሄ ከወጣ የኔም የርስዎም ስም ነው የሚጠፋው። ልጅቷን አስቀራታለሁ። መስመሩን ዛሬውኑ ያስተካክሉት። ሌላው እንደተሸፈነ ይቅር» አለ።

«የኔ ስም ኖራ ነው ልጄ። ዝናብ ስንቴ አጠፋው።»

ይህን ብለው ጋሪያቸውን እየገፉ ሄዱ። መስመሩን ወደ ቦታው ሊመልሱ።

ልጅቷ ሻንጣዋን ፈታች።

አሰልጣኙ ግን ምሳውን ሳይበላ ዋለ። አሮጌዎቹን መዝገቦች አውጥቶ አንድ በአንድ አገላበጠ።

አሥራ አንድ ስም አገኘ። ለጥቂት ቀርተው የተሸኙ አሥራ አንድ ልጆች... ሁሉንም የሸኛቸው ራሱ ነው።

ስልካቸውን ለማፈላለግ ሁለት ቀን ፈጀበት።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ኖራን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣቸው። የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለ።

አንዲት ሴት አነሳች። ከኋላዋ የልብስ ስፌት መኪና ይሰማል።

ማንነቱን ነገራት።

«እና... ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ምን ፈለጉ?»

«ያኔ አልፈሽ ነበር» አላት። «ሜዳው ነው የረዘመው። ስህተቱ የኛ ነው... ያንቺ አልነበረም።»

መኪናው ቆመ።

«ቆይ» አለች ሴትየዋ። «ድምፁን ከፍ ላድርገውና ይድገሙልኝ... ልጆቼም ይስሙ።»

.

ወዳጆቼ... ያሸነፉትን ፎቶ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን። በኛ ስህተት የቀሩትን ግን አንቆጥራቸውም።

መሳሳት የሁላችንም ነው። ደጉም ሰው ደግ አስቦ ይሳሳታል። ወደ ተበደለው ሰው ተመልሶ መናገር ነው የሚከብደው።

እናንተስ... «ጥፋቱ ያንተ አልነበረም» ብላችሁ ልትደውሉለት የሚገባ ሰው አለ? ከታች ጻፉልኝ።