አቶ እንዳላማው ለመዝሙር የሰጧት ካርድ

«ልጄ፣ ካርዷን መልሽልኝ! መዝሙሩ ይቅርብኝ!»

አቶ እንዳላማው እያለከለኩ ነው የገቡት…

ጋቢያቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎትታል።

ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው። ገበያው አጠገብ ያለች፣ በሜሞሪ ካርድ ዘፈንና መዝሙር የሚጫንባት ጠባብ ሱቅ ናት።

ሱቋ ወረፋ በያዘ ሰው ተሞልታለች። የኮምፒውተሩ ስክሪን ደግሞ ደንበኛው የሚፈልገውን እንዲመርጥ ተብሎ ፊቱን ወደ ሰው ነው ያዞረው።

አቶ እንዳላማው ያን ስክሪን ሲያዩ ሰውን እየገፉ ወደ ፊት አለፉ።

«አባባ፣ ወረፋ አለ እኮ!» አለ ከፊት የቆመ የባጃጅ ሾፌር። «ምን ቢደብቁባት ነው እንዲህ የሚሮጡላት? በዚህ ዕድሜም አልተዉም እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

የእሳቸው ዓይን ግን ስክሪኑ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የባለቤታቸው የወይዘሮ ሥራነሽ ጡት ላይ እብጠት ወጣ። ቆይቶም ቆሰለ። ሥራነሽ ግን ነውር ነው፣ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ብለው ከረሙ።

ልጃቸው የኔአለም ባሕር ዳር ነርስ ናት። «እሺ እማዬ፣ ፎቶ አንስታችሁ ለእኔ ብቻ ላኩልኝ» ብላ በስልክ ለመነቻቸው።

በስንት ልመና እሺ አሉ። ፎቶውን ያነሱት አቶ እንዳላማው ናቸው።

«ኪዳነ ምሕረትን በል» አሉ ሥራነሽ ነጠላቸውን እየሳቡ። «ከልጄ ሌላ ሰው ካየው ሆስፒታል የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ። እዚሁ እሞታለሁ።»

«ኪዳነ ምሕረትን!» ብለው ማሉ አቶ እንዳላማው።

የኔአለም ፎቶውን እንዳየች እናቷን አግባብታ ቀጠሮ አስያዘች። ማክሰኞ ባሕር ዳር ቀዶ ጥገና ነው።

ሥራነሽ «ሆስፒታል ስተኛ መዝሙር ልስማ» ስላሉ ነው እንግዲህ፣ አቶ እንዳላማው ቅዳሜ ከሚኖሩባት ከአማኑኤል ከተማ ተነስተው ማርቆስ የመጡት። ካርዷን ከስልካቸው አስወጥተው ሱቅ ሰጡና ጨው ሊገዙ ሄዱ።

በእሳቸው ሐሳብ ካርድ ማለት የመዝሙር ማስቀመጫ ናት። ፎቶ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው።

ገበያ መሐል የሚሸጡትን በሬ ፎቶ ለአንድ ሰው ሊያሳዩ ስልካቸውን ከፈቱ…

በሬው የለም። የልጅ ልጆቻቸውም የሉም። አንድም ፎቶ የለም።

ያኔ ገባቸው። ፎቶው ሁሉ ያለው በዚያች ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ነው… ካርዷም በሰው እጅ ናት!

ወደ ሱቋ እንመለስ።

ፀደንያ፣ የሱቋ ልጅ፣ ቀና ብላ አየቻቸው። እሷ አልሳቀችም።

«ይግቡ አባባ» ብላ ከመደርደሪያው ጀርባ አስገባቻቸው። ከመሳቢያ በወረቀት የተጠቀለለች ካርድ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችና በሹክሹክታ…

«ስከፍታት ፎቶ ቀድሞ መጣ። ስክሪኑን ወዲያው አጠፋሁት። ወረፋ ላይ ያለ ሰው አላየም። ወደ ኮምፒውተሬም አልገለበጥኩም።»

«አንቺስ?»

«እኔ አይቻለሁ አባባ። አልዋሽዎትም።»

አቶ እንዳላማው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፀደንያ መዝሙሩን በሌላ ካርድ ጭና ሰጠቻቸው። ሊወጡ ሲሉ ጋቢያቸውን ያዝ አደረገች…

«አባባ… ሲጀምራቸው ያማቸው ነበር?»

«አይ፣ አያማትም ነበር። ለዚያ አይደል የተዘናጋነው!»

«እግዚአብሔር ይማራቸው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መንገዱን ሙሉ ሲጨነቁ ሄዱ። ቢናገሩ ማክሰኞ ሊቀር ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ በኪዳነ ምሕረት ምለዋል።

ቤት ሲደርሱ ሥራነሽ ምስር ይለቅሙ ነበር። ሁሉንም ነገሯቸው…

የሥራነሽ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«በቃ፣ ታየሁ» አሉ።

«አንዲት ልጅ ብቻ ናት ያየችው…»

«ሳቀች?»

«አልሳቀችም።»

«ታዲያ ምን አለች? ሳታስቀር ንገረኝ።»

«ሲጀምራቸው ያማቸው ነበር ወይ አለችኝ።»

ሥራነሽ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«አንተ ሞኝ ሽማግሌ! ይህን ለወሬ የሚጠይቅ ሰው አለ? ልጅቱ ራሷም እብጠት አለባት!»

ሰኞ ማለዳ ባልና ሚስቱ ወደ ባሕር ዳር መሄድ ሲገባቸው፣ በተቃራኒው ወደ ማርቆስ ተሳፈሩ።

ሥራነሽ ካርዷ የተመለሰችበትን ስልክ ተቀብለው፣ ባላቸውን ደጅ አቁመው፣ ብቻቸውን ሱቁ ገቡ። በሩ ከውስጥ ተዘጋ።

ሲከፈት ፀደንያ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቶ፣ ነጠላዋን ለብሳ አብራ ወጣች።

«አሳየኋት» አሉ ሥራነሽ።

«ምኑን?»

«ፎቶውን ነዋ! እንደኔ ደብቆ የቆየ ሰው ምን ላይ እንደሚደርስ ደህና አድርጋ ትየው።»

«ሰው ካየው እሞታለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«አንተ አታሳይ አልኩህ እንጂ እኔ አላሳይም አልኩ? ገላው የኔ ነው!»

ሦስቱም አብረው ባሕር ዳር ሄዱ…

የፀደንያ እብጠት ገና ትንሽ ነበር። «በጊዜ መጥተሻል» ተባለች። ለማንም ሳትናገር ከርማ ነበር።

ወይዘሮ ሥራነሽ ቀዶ ጥገናውን በሰላም ጨርሰዋል። ዘግይተው ስለሄዱ ግን ሕክምናቸው ገና አላለቀም።

ወገኖቼ…

የሰው ገላ ፎቶ አደራ ነው። የሚደበቀው ነውር ስለሆነ አይደለም፣ የባለቤቱ ስለሆነ ነው። ይታይ ማለት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ስልካችሁን ለጥገና፣ ካርዳችሁን ለመዝሙር ከመስጠታችሁ በፊት ምን እንዳለበት አደራ እዩ። ካላወቃችሁ የምታምኑትን ሰው ጠይቁ፣ መጠየቅ አያሳፍርም። ስልካችሁን ቆልፉ። ጉዳዩ ያለቀ ፎቶ አጥፉ… ስልኩ የጠፋውን ለጊዜው የሚያቆይበት ቦታ አለውና ከዚያም አጥፉ።

ሁሉም ሱቅ ውስጥ ፀደንያ የለችም።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያሳስበኛል…

አቶ እንዳላማው ፈርተው ዝም ቢሉ ኖሮ ሥራነሽ ምንም አያውቁም ነበር። ፀደንያም እስከ ዛሬ ዝም ብላ መዝሙር ትጭን ነበር።

እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ ቀዶ ጥገናው እንደሚቀር እየፈራችሁ ለሚስታችሁ ትናገሩ ነበር? እስቲ የልባችሁን ከታች ጻፉልኝ…