ሄርሞን የምትወደው

ቀባሪው አቶ ገብረሕይወት አካፋቸውን ተሸክመው ከጎረቤት ግቢ ሲወጡ ትርሓስ አየቻቸው። ከእናቷ የወረሰችውን ሰማያዊ ሣህን በችኮላ ጥሬ ሞልታ ለዶሮዎቹ አስቀመጠችው። አምናም ከመቀበር ያተረፈችው እንዲሁ አድርጋ ነው።

በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እያንዳንዱ የአክሱም ቤት ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን አንድ ነገር ይቀብራል። ከወደቁት የጥንት ታላላቅ ከተሞች ተቆፍሮ የተገኘው አብዛኛው የገል ስብርባሪ ነው፤ የኛም ከተማ መውደቋ እንደሁ አይቀርም፣ የወደፊት ቆፋሪዎች ምርጣችንን ያግኙ ተብሎ ሕግ ወጣ። ልጅ አይዋሽም በሚል የሚጠየቀው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው።

አቶ ገብረሕይወት ገብተው የስድስት ዓመቷ ሄርሞን ፊት ቁጢጥ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ከዚህ ቤት በጣም የምትወጂው ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«አሻንጉሊትሽስ?»

«አስቀያሚ ናት።»

«ያ ሰማያዊ ሣህንስ?»

«የዶሮ ነው።»

ሽማግሌው ባዶውን መደርደሪያ ቃኝተው ተነፈሱ። ከምድጃው ዳር የተሰነጠቀ ጭልፋ አንስተው፣ «እንግዲህ ይኼንኑ እንቀብራለን» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ።

ትርሓስ ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት።

«ጎበዝ የኔ ቆንጆ! ልክ እንዳስተማርኩሽ ነው የመለስሽው» አለቻት በሹክሹክታ። «እኔንስ ትወጂኛለሽ?»

ከጓሮ አካፋው መሬቱን ሲወጋ ይሰማል። ሄርሞን ፊቷን ወደዚያ መለሰች።

«አልወድሽም!» አለች ጮክ ብላ፣ የእናቷን አንገት በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ እንደያዘች።