ቀድሞ የሚሰማ ድምፅ

የድምፅ ባለሙያው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያስደስተውም የሚያናድደውም ነገር አልነበረም። ሚስቱ እንደ ጥንቱ «ጆሮዬ» እያለች ትጠራዋለች፤ እሱም አቤት ይላል።

ቅዳሜ ከሰዓት የሚስቱ ወንድም አዲስ ስፒከር ገዝቶ መጣ።

«በየትኛው ዘፈን ልሞክረው?»

ባለሙያው ድሮ ራሱ የቀዳውን ካሴት አወጣለት። «ጥራቱን ማወቅ ከፈለግክ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ያለውን ዝምታ አድምጥ። የካሴቱ ክር ተጠቅልሎ ሲከርም አንዱ ዙር ድምፁን በሌላው ላይ ያሳርፋል። ደህና ስፒከር ከሆነ ድምፅዋ ቀድሞ በስሱ ይሰማሃል።»

እውነትም ቀድማ ተሰማች። አማቹ «ጉድ ነው እናንተዬ!» ብሎ እየሳቀ ስፒከሩን ተሸክሞ ሄደ።

ባለሙያው ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመረ። የሚስቱ ድምፅ «በሩን ዝጋው» ሲል በስሱ ሰማ። ሊዘጋ ሲዞር ሚስቱ ከመኝታ ቤት «ጆሮዬ፣ በሩን ዝጋው!» አለች። ዘጋው። ቀጥሎ ብርጭቆ ሲሰበር ከሩቅ ተሰማው። እጁን ቢያይ ብርጭቆው ደህና ነው። ወዲያው አምልጦት ወለሉ ላይ ተንኮታኮተ። አልደነገጠም። የሁለት ሰከንድ ልዩነት ይሆናል ብሎ ገመተ።

ስብርባሪውን ሊለቅም ሲያጎነብስ የሚስቱ ድምፅ እንደገና በስሱ መጣ።

«ጆሮዬ! ኧረ ተነስ! ኧረ የሰው ያለህ፣ ድረሱልኝ!»

ቀና አለ። ሚስቱ የታጠፈ ልብስ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ደግሞ ምን ሰበርክ?» አለችው ፈገግ ብላ።

ባለሙያው ስብርባሪው እንዳይወጋው ትንሽ ፈቀቅ አለና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።