ፈቃድ የሚጠብቅ አስተያየት

ስለ ልጅነት መንደሩ በሚተርክበት ብሎጉ ላይ አስተያየት የሚጽፍለት አንባቢ አንድ ብቻ ነበር፤ ራሱን «ጎረቤት» ይላል። «ያ ወንዝ እኮ ከጉልበት አያልፍም፤ አታጋን!» ይለዋል። እሱም እየሳቀ አስተያየቱ እንዲወጣ ይፈቅድለታል። ፌስቡክ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ተከታይ ሲያገኝ ግን ብሎጉን እርግፍ አድርጎ ተወው።

በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልቶት ለዓመታት ያኮረፈው ታላቅ ወንድሙ ዘሪሁን ሲሞት፣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። «ነፍስ ይማር» ከሥሩ ተደረደረ። ስለ ልጅነታቸው የጻፈውን ሊያጋራ ብሎጉን ቢከፍት፣ ፈቃዱን የሚጠብቅ አንድ አስተያየት አገኘ።

«ምነው ጠፋህ? እኔ ፌስቡክ አልችልበትም፤ እዚሁ እጠብቅሃለሁ። ጎረቤት ነኝ ያልኩህ፣ ስሜን ካየህ አስተያየቴን ታጠፋዋለህ ብዬ ነው። ዘሪሁን።»